ፊደሉን የማያውቅ መሣሪያ፣ መሣሪያውን የማያውቅ ጸሐፊ

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የምትገኘው አነስተኛዋ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ኢጣሊያውያን «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ»፣ ማለትም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ የሚሏት ናት። በ15ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ከተሰጠች ወዲህ፣ ከኢየሩሳሌም ተሻግረው ሮም የሚደርሱ ሐበሾች የሚያርፉባት፣ ኪዳን የሚያደርሱባትና መጻሕፍታቸውን የሚያስቀምጡባት ቤት ሆና ቆይታለች። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተርና በስልክ ላይ እንዴት ተጻፈ የሚለው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከ1980ዎቹና ከአሜሪካ ይጀመራል፤ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የሚፈልግ አንባቢ ግን ወደዚች ቤት መመለስ ይኖርበታል፤ በፊደሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ በማሽን የታተመው በሮም ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን በሮም ሳለ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የሚያዜሙትን ጸሎት ሰምቶ በቋንቋው ተማረከ፤ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባለ መነኩሴም ፊደሉንና ንባቡን ተማረ። ከዚያም በማርሴሉስ ዚልበር ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደላት አስቀርጾ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ ይህም በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነበር፤ ነገር ግን የፊደሉን ጠባይ ስለ መረዳቱ ምስክር የሚሆን አንድ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ይገኛል፦ የግዕዝን ፊደል እንደ ላቲኑ «አልፋቤት» ከማለት ይልቅ «የቀለማት ገበታ» ማለት የተሻለ መሆኑን ገልጿል። በላቲን ጽሕፈት ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ሲቆሙ፣ በግዕዝ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለቱንም በአንድ አካል ይዞ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ የተፈተኑት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከ35 ዓመት በኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሌላ ሥራ አየች። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን፣ በሮም ጴጥሮስ ሐበሻዊ በመባል የታወቁት፣ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ፤ ማተሚያ ቤቱ የቫሌርዮ ዶሪኮ ነበር። በግራኝ ጦርነት ደብረ ሊባኖስ በ1531 መቃጠሉን፣ ብዙ የብራና መጻሕፍትም በዚያው ዘመን መጥፋታቸውን የሚያስብ ሰው፣ አንድን መጽሐፍ በመቶዎች ቅጂ የሚያበዛ መሣሪያ ለእኒህ መነኩሴ ምን ማለት እንደ ነበር መገመት አያቅተውም። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። የግብረ ሐዋርያት የግዕዝ ቅጂ ጎደሎ ስለ ነበር የጎደለውን ክፍል ከላቲንና ከጽርዕ እየተረጎሙ ለመሙላት ተገደዋል፤ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞችም ፊደሉን አያነቡም ነበር። ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ለአንባቢው ያቀረቡት ይቅርታ ይህንኑ የሚመለከት ነው፦ አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ መነኮሳቱ ማተም አይችሉም፣ ስለዚህ አንዱ ዕውር ሌላውን እንደሚመራ እየተደጋገፉ ሠሩ፣ ለተገኘው ስሕተት ምሕረት ይደረግላቸው። ስለ ግዕዝ ፊደልና ስለ ማሽን ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ ይቅርታ ይበልጥ እውነት የያዘ ቃል ማግኘት ያስቸግራል፤ ቀጥሎ ባሉት አራት መቶ ዓመታት የተከሰተው ችግር በአብዛኛው የዚሁ ድግግሞሽ ነውና።

የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ችግሩ በቁጥር የሚገለጽ ሆነ። የጽሕፈት መኪና ገበታ 45 ያህል ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ስለሚይዝ በድምሩ ከ90 ብዙም የማያልፍ ምልክት ይገኛል። ለላቲን ጽሕፈት ይህ ከበቂ በላይ ነው። የአማርኛ ፊደል ግን 33 ረድፍ በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ እነ ቈ፣ ኰ፣ ሏ፣ ሟ ያሉት ዲቃላዎች፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩበት የበለጠ ይሰፋል። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ይህን ለመወጣት የተከተሉት መንገድ ፊደሉን በቁርጥራጭ መገጣጠም ነበር፦ አንድ ቁልፍ የፊደሉን አካል ይመታል፣ ወረቀቱ ሳይንቀሳቀስ ሁለተኛው ቁልፍ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥል ከጎኑ ይለጥፋል። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የገቡት የኦሊቬቲ የአማርኛ መኪናዎችም በዚህ ዓይነት የቁርጥራጭ አሠራር ያገለገሉ ነበሩ። ካዕብና ሣልስ ለቅጥል ይመቻሉ፤ ሳድስ ግን ሥርዓት የለውም፣ «ል» ከ«ለ» የሚለይበትና «ር» ከ«ረ» የሚለይበት መንገድ አንድ አይደለም፤ ራብዑም እግር ማርዘምን ወይም ማሳጠርን ይጠይቃል። ስለዚህ በመኪና የተጻፈ ደብዳቤ ፊደላቱ ቅጥላቸው አካላቸውን ያልነካ ወይም በላዩ የተደረበ ሆኖ ይታይ ነበር፤ አንባቢው ግን ለመደው። ልምዱ የሚያሳዝን ሌላ ውጤትም ነበረው፤ መኪናው ሊሸከመው ስላልቻለ ፊደሉ ራሱ ይቀነስ የሚል ክርክር ከምሁራን መካከል ተነሥቷል። ከክርክሩ ጀርባ የቋንቋ ጥናት የሚያነሣቸው ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የ45 ቁልፍ ገበታን የማይለወጥ ሕግ አድርጎ ለሺህ ዓመት የኖረውን ፊደል ተለዋዋጭ ማድረግ ነገሩን በጭራው መያዝ ነበር፤ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ገበታው ራሱ መለወጡም ይህን አረጋገጠ።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ማሽኑ ለያንዳንዱ ምልክት የታወቀ ቁጥር ይሰጣል፤ ማያው ላይ የሚታየውን ቅርጽ የሚያወጣው ደግሞ ፎንት የሚባለው የቅርጾች መዝገብ ነው። አስኪ የተባለው አሜሪካዊ ደረጃ በ1963 ሲወጣ ለ128 ምልክቶች ብቻ ቦታ ነበረው፤ ኋላ የመጡት ሰፋ ያሉ ገበታዎችም 256 ቦታ ነበራቸው፤ ከዚህም ውስጥ አንዱ ክፍል ለማሽኑ የውስጥ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። ስለዚህ በ1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር በየቤቱና በየቢሮው መግባት ሲጀምር፣ ፊደሉ ከጽሕፈት መኪናው ገበታ ወጥቶ ከሌላ ጠባብ ገበታ ፊት ቆመ።

ይህን ጠባብ ገበታ የሰበሩት በአብዛኛው በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ኮሎራዶ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር አበራ ሞላ «ሞዴት» የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ሲያወጡ፣ በካሊፎርኒያ ፍሥሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ ስም ሥራቸውን አቅርበዋል፤ ከእነርሱም ጋር ሆነ ከእነርሱ በኋላ አጋፋሪ፣ ኢትዮ ወርድ፣ ዋሸራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ተከትለዋል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም ይነሣል፤ ለአንባቢው የሚጠቅመው ግን ሁሉም ምን እንዳደረጉ መረዳት ነው። የላቲን ፊደላት የያዙትን ቁጥሮች ወስደው የግዕዝ ቅርጾችን አለበሷቸው፤ ማሽኑ የላቲን «ኤ»ን የጻፈ ሲመስለው ማያው ላይ የሚወጣው ግን የአማርኛ ፊደል ሆነ። ቦታው ስላልበቃ አንዳንዱ ሠሪ ፊደላቱን ለሁለት ፎንት አካፈለ፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው በቁርጥራጭ አገጣጠመ። የዛሬ ባለሙያ ይህን ዘዴ በድህነት የተገኘ ብልሃት ብሎ ሊንቀው ይችላል፤ በተግባር ግን ለ10 ወይም ለ15 ዓመታት ጋዜጦች፣ መጽሔቶች፣ የትምህርት መጻሕፍትና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች በዚሁ ተጽፈዋል። ሶፍትዌሩ የሚሸጥበት ሳጥን፣ በውስጡ ያሉት ፍሎፒ ዲስኮች፣ አንዳንዴም ቅጂ እንዳይበዛ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካ ቁልፍ፣ እነዚህ ሁሉ የዚያ ዘመን የዕለት ተዕለት ዕቃዎች ነበሩ።

የዚህ ብልሃት ዋጋ የታየው ሰነድ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። በአንዱ ሠሪ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ቅልቅል የላቲን ፊደላትና እንግዳ ምልክቶች ሆኖ ይታይ ነበር፤ በሁለት የተለያዩ ሶፍትዌሮች መካከልም አንዱ «ለ» ያለበትን ቁጥር ሌላው ለ«ጨ» የሰጠው በመሆኑ መግባባት አልተቻለም። ማተሚያ ቤቶች ደንበኛውን ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፎንቱንም አብሮ እንዲያመጣ መጠየቅ ልማድ አደረጉ። በዚሁ ጊዜ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የላቲን ቁልፍ ብቻ ላላቸው ሰዎች «ሴራ» የተባለውን የመጻፊያ ስምምነት አዘጋጁ፤ የዚህም ሐሳብ ዛሬ በየስልኩ ያለውን አተያየብ ወልዷል፦ የ«ስ»ን ድምፅ የያዘው የላቲን ቁልፍ ብቻውን ሲነካ ሳድሱን ያወጣል፤ የአናባቢ ቁልፍ ሲከተለው ደግሞ እንደ አናባቢው «ሱ»፣ «ሲ» ወይም «ሶ» ይሆናል። እንደ ገና የተፈጠረ የፊደል ቆጠራ ነው ቢባል አይበዛበትም፤ ልጅ በየኔታ ፊት «ሀ ሁ ሂ» ሲል የሚያደርገውን ጣት በገበታው ላይ ይደግመዋልና።

መፍትሔው የመጣው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ነው። በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶች ቦታቸውን አገኙ፤ ከዚያም በ2005፣ በ2010 እና በ2021 የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፊደላት ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ 4608 ነው፤ «ለ» 4616፣ «ሐ» ደግሞ 4624 ነው፤ ልዩነቱ በ8 በ8 መሆኑ ለእያንዳንዱ ረድፍ የ7ቱ ፊደላትና የዲቃላው ቦታ መጠበቁን ያሳያል፤ ሠሪዎቹ የገበታውን ሥርዓት አክብረዋል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከነመጻፊያው ይዞ ወጣ፤ አንድ ተራ ገዢ ኮምፒውተሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ሲከፍት አማርኛ በውስጡ ያገኘው በዚያን ጊዜ ነው። ፊደሉ በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው በፊደሉ ባለቤቶች የዓመታት ሥራ መሆኑን አለመርሳት ያስፈልጋል፤ ፊደሉን የሚያውቁትና ማሽኑን የሚያውቁት በአንድ ገበታ ቀርበው ሲወያዩ የዶሪኮ ማተሚያ ቤት ችግር ተፈታ።

ስለዚህ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ወይም በስልክ መልእክት ላይ በአማርኛ የሚጻፈው ቃል ያለ ጭንቀት ይደርሳል። የቀሩ ነገሮች ግን አሉ። በብዙ የስልክ ገበታዎች አራት ነጥብ ለመድረስ ከአንድ በላይ መንካት ስለሚያስፈልግ፣ ጸሐፊው በምትኩ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ በመምታት ይተካዋል፤ ይህም ለዓይን የተቀራረበ ቢመስልም ማሽኑ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ እንዳያውቅ ያደርጋል። ቃላትን የሚለየው ጥንታዊው «፡» ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ በባዶ ቦታ ተተክቶ ከዕለታዊ ጽሕፈት ሊጠፋ ተቃርቧል፤ ይህ ለአንባቢ ቀላል ቢሆንም በብራና ባህል ውስጥ ያደገ ሰው የጠፋውን ያውቀዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ፍለጋ ነው። «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»፣ እንዲሁም «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ሰው በተለያየ መልክ ይጽፋቸዋል፤ ማሽኑ ግን የተለያዩ ቁጥሮች እንደ ሆኑ እንጂ አንድ ድምፅ እንደሆኑ አያውቅም። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን ያጣዋል። ይህን የሚያስተካክል ሶፍትዌር መሥራት አስቸጋሪ አይደለም፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል የመረጃ ማዕከል ሁሉ ሊያሟላው የሚገባ ነገር ነው።

ወደ ኋላ ስንመለስ ግን የበለጠ የሚያሳስበው ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአማርኛ የተጻፉ ፋይሎች በአብዛኛው በየሠሪው የግል ቁጥር የተጻፉ ናቸው፤ ዛሬ የሚከፍታቸው ሰው ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ያያል። በፒዲኤፍ የተቀመጡትም ለዓይን ትክክል ሆነው ቢታዩም ቃሉን ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚለጥፍ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ቅልቅል ነው፤ ፒዲኤፍ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ የፊደሉን ቁጥር ግን አያርመውም። የሰነዶቹ መያዣ ደግሞ ፍሎፒ ዲስክ ከሆነ የመግነጢሱ ሽፋን ራሱ ይዳከማል። በ1513 የታተመውን መዝሙረ ዳዊት ዛሬም ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲያነበው፣ በ1993 በፍሎፒ የተቀመጠውን ደብዳቤ ማንበብ የማይቻል መሆኑ የዘመናዊነትን መለኪያ እንድንመረምር ያስገድዳል። አዲስ የሆነ ሁሉ ለመቆየት የተሠራ አይደለም።

ከቅዱስ እስጢፋኖስ ብዙም ሳይርቅ ያለው የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ከዚህ አኳያ የሚጠና ምሳሌ ነው። በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የነበሩ የብራና መጻሕፍት ወደዚያ ተዛውረው ሲልቨን ግሬቦና ዩጂን ቲስራን በ1935 እና በ1936 ባሳተሙት ካታሎግ ተመዝግበዋል። ቤተ መጻሕፍቱ የብራና መጻሕፍቱን በዲጂታል መልክ ሲያስቀምጥ የመረጠው ለሥነ ፈለክ ምስሎች የተዘጋጀውንና ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበትን «ፊትስ» የተባለ የፋይል ዓይነት ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ፊትስ አሠራሩ በግልጽ የተጻፈና የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ ነው፣ አዲስ እትም ሲወጣም የቀድሞው ፋይል እንዳይበላሽ የተደነገገ ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ ገበያ ላይ ያለውን ፈጣኑን ወይም አዲሱን ነገር ከመከተል ይልቅ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚነበበውን መምረጥ ነው። በኢትዮጵያም ከ1973 ጀምሮ በሚኒሶታ ቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ትብብር የብራና መጻሕፍትን በማይክሮ ፊልም ያነሣው ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቀርጿል፤ ማይክሮ ፊልም ያረጀ ዘዴ ይመስላል፣ ነገር ግን ብርሃንና ማጉያ መነጽር ብቻ የሚፈልግ በመሆኑ ምንም ሶፍትዌር ሳያስፈልገው ይነበባል።

የዩኒኮድ ዘመን ከመምጣቱ በፊት የተጻፉ ፋይሎችን ማዳን ግን ይቻላል፣ ዘዴውም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ሳይነካ እንዳለ ይቀዳል፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ በዛሬ ሶፍትዌር ተከፍቶ ከተቀመጠ የቀድሞ ቁጥሮቹ ሊጠፉ ይችላሉ። ከዚያ በየትኛው ሶፍትዌር እንደ ተጻፈ ይጣራል፤ ለዚህ የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ የፎንቱ ስም ነው። አሮጌውን ፎንት ያገኘ ሰው የእያንዳንዱን ቁጥር ቅርጽ በዓይኑ እያየ ወደ ዩኒኮድ የሚያስተላልፍ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ ፎንቱ ካልተገኘ ደግሞ አሮጌውን ዊንዶውስ ወይም ዶስ በዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስኬድ ኢሙሌተር የተባለ ሶፍትዌር ተጠቅሞ የድሮውን መጻፊያ በቀድሞ ቤቱ ይከፍተዋል። በቁርጥራጭ የተገጣጠሙት ፊደላት ሥራውን ያከብዱታል፤ አንድ «ሉ» በፋይሉ ውስጥ የ«ለ» አካልና የካዕብ ቅጥል ሆኖ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል፣ ጸሐፊው ቅጥሉን አስቀድሞ መትቶት ከሆነም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሠንጠረዡ የዘለለው «ቋ» ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል፣ በአራት ነጥብ ፋንታ የተመቱት ሁለት የላቲን ነጥቦችም እንዳሉ ይወጣሉ። ስለዚህ ማሽኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ፊደሉን የሚያውቅ ሰው የታተመውን የቀድሞ ቅጂ በግራ፣ የተለወጠውን በቀኝ አድርጎ ቃል በቃል ያነበዋል።